በትሪ ላይ የምትንሸራሸር ጀልባ

ሉጥፊያ ሰው የምትመዝነው ማዕድ ላይ ነው። ሳዲቅ ታናሽ እህቷን ዘሃራን ለትዳር በጠየቀ ጊዜም፣ አባትም እናትም ሆና ያሳደገቻት እሷ ናትና፣ "መጀመሪያ ምሳ ብላ፤ መልሱን ከዚያ ትሰማለህ" አለችው። አሁን የሚነዳው ባለ ሦስት እግር ረክሻ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ካለው የእህትማማቾቹ ቤት ደጃፍ ቆሟል፤ ሦስቱ አንድ ትሪ ከበው ተቀምጠዋል።

"ቢስሚላህ" እንደተባለ የሳዲቅ እጅ ከፊቱ ተነሥቶ ትሪውን መዞር ጀመረ። ጥጉን ገለጥ አደረገ፣ ወደ መሃል ተሻገረ፣ ተመለሰ።

ሉጥፊያ አል-ሳሃፋ ሰፈር የምታበስልላቸው ቻይናዊ መሐንዲስ ትዝ አሏት። አንድ ቀን ባልንጀራቸው የጋራውን ሳህን በሁለት የመብያ እንጨቶቹ ሲያምስ፣ በካንቶን ቋንቋቸው አንድ ነገር ጣል አድርገው ገበታውን አሳቁት። ምን እንዳሉ ስትጠይቃቸው በተሰባበረ ዐረብኛ "መርከብ፣ ናይል፣ ሽርሽር" እያሉ እጃቸውን በአየር ላይ አንሳፈፉላት። በእነሱ ቤት በወንዝ ላይ በጀልባ መንሸራሸር የሚባልበት ቃል፣ ጥሩ ጥሩውን ፍለጋ ማዕድ ለሚያስስ እጅም ይነገራል። በልጅነቷ ወሎ ሳሉ አባቷ "ከፊትህ ብላ" ብቻ ነበር የሚሉት፤ የቻይናው ግን ሥዕል አለው። ያን ዕለት ማታ ለዘሃራ ነግራት አብረው ስቀዋል።

"እታለም፣ ብዪ እንጂ!" አለ ሳዲቅ።

"አንተ ተንሸራሸር፤ ወንዙ ሰፊ ነው።"

ነገሩ የገባት ዘሃራ አንገቷን ደፋች።

እጁ አንድ ቀይ ሥጋ አገኘ። ሉጥፊያ "አይሆንም" የሚለውን ቃል ምላሷ ላይ አዘጋጀች። ግን መጨረሻውን ሳታይ መፍረድ ልማዷ አይደለምና በዓይኗ ተከተለችው። ሥጋው ወደ ሳዲቅ አፍ አልሄደም፤ በቀስታ ወደ ዘሃራ ፊት ተገፋ። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛውም። አንዱም ስብ የለበትም።

ዘሃራ ስብ አትወድም። ሉጥፊያ ካርቱም ውስጥ ይህን ከራሷ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስላትም ነበር። ዘሃራ ደግሞ አልተግደረደረችም፣ ቀናም አላለች፤ እንደለመደ ሰው አንሥታ ጎረሰች።

"ዘሃራ።"

"አቤት።"

"ይህች ጀልባ ወደቧን ታውቃለች። አብራችሁ መብላት ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?"

ሳዲቅ ዘሃራን ቀድሟት ዘለለ።

"ወላሂ እታለም፣ ፉል ብቻ ነው የበላነው!"

"ፉል ስብ አለው እንዴ?"

ሉጥፊያ ሊያመልጣት የደረሰውን ሳቅ በውኃ አወራረደችና ትሪውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

"ያላ፣ በል ሽማግሌዎችህን ለጁምዓ ላክ። እስከዚያው ግን ከፊትህ ብላ።"