የእሌኒ ትከሻ

ሕዝቅኤል ከደሴ ለሥራ መጥቶ ባሕር ዳር የቀረ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ተቆጣጣሪ ነው። ሚስቱ እሌኒ የጢስ ዓባይ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት፣ ሐይቁ ዳር ባለ ክሊኒክ ነፍሰ ጡሮች ምጥን እንዳይፈሩ ሰውነታቸውን ማፍታታት እንደሚማሩ ሰማች። ባልም ይምጣ ስለተባለ ለመነችው። እሱም የቅዳሜ ዕረፍቴን በላችው እያለ እያጉረመረመ ተከተላት።

ሚስጥር የተባለችው አዋላጅ ሴቶቹን ፍራሽ ላይ በጎናቸው አስተኝታ ባሎቻቸውን አጠገባቸው አስቀመጠች።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግንባራችሁን ልቀቁት። ጥርሳችሁን አትንከሱ፤ መንጋጋችሁ ይላላ። ትከሻችሁ ይውረድ። ትንፋሻችሁን ቀስ እያላችሁ አውጡት።»

የእሌኒ ግንባር ተፈታ። ጨምድዳ የያዘችው ነጠላ ከእጇ አመለጠ። ሕዝቅኤል ፊቷ እንዲህ አርፎ መቼ እንዳየው ሊያስታውስ ሞከረና አልመጣለትም።

«አሁን ባሎች፣ መዳፋችሁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጉ። አትጫኑ።»

እጁን አሳረፈ። ትከሻዋ ክው ብሎ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ እንደ እንጨት ደረቀ። እጁ የቀዘቀዘ መስሎት አሻሽቶ፣ እፍ ብሎበት መልሶ አሳረፈው። ያው ነው። አጠገባቸው ክንዱ የሚባል የባጃጅ ሾፌር የሚስቱን ትከሻ ይዟል፤ እሷ እንቅልፍ ሊወስዳት ነው።

ሚስጥር መጥታ ቁጢጥ አለች። የሕዝቅኤልን እጅ አንስታ የራሷን አስቀመጠች። የእሌኒ ትከሻ ወዲያው ወረደ።

«እጄ ቀዝቅዞ ነው» አለ።

«ይሆናል» አለች ሳታየው።

ሾፌሩ ክንዱ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። አይቶ እንዳላየ መሆኑ ሕዝቅኤልን ከስድብ በላይ አቃጠለው። ትምህርቱ እስኪያልቅ አቀርቅሮ ተቀመጠ። «አንድ ቀን እንኳ መትቻት አላውቅም» አለ በልቡ። ወዲያው ግን ሸሚዜ አልተተኮሰም ብሎ ጮኾ ግድግዳው ላይ የፈጠፈጠው ብርጭቆ ትዝ አለው። ስብርባሪውን እርጉዟ ሚስቱ ነበረች አጎንብሳ የለቀመችው። ያን ዕለት «የማሽን ጩኸት አመል ሆኖብኝ ነው» ብሎ ስቋል።

ሲወጡ በሐይቁ ዳር መንገድ ሄዱ። አንድ ሞተር ሳይክል ታክኳቸው ሲያልፍ ሕዝቅኤል ጮኾ ተሳደበ። ዞር ሲል የእሌኒ ትከሻ ጆሮዋ ሥር ደርሷል።

«ትፈሪኛለሽ?» አላት።

«አልፈራህም ብዬ ነበር የመጣሁ። ሰውነቴን ግን ማዘዝ አቃተኝ።»

«መትቼሽ አላውቅም እኮ።»

«አልመታኸኝም። ግን ማታ ስትገባ የበሩን አከፋፈት ሰምቼ ነው ምን እንደማወራህ የምወስነው።»

«ሰው ሁሉ አየኝ» አለ። ቃሉ ካፉ እንደወጣ አፈረበት፤ እሷ ፍርሃቷን ስትነግረው እሱ ያሰበው ስለ ሰው ነበር። ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

«ሁለተኛ አልመጣም» አለ።

«ና። ግን ራቅ ብለህ ተቀመጥ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ሌሎቹ ባሎች ሚስቶቻቸው አጠገብ ሲሆኑ እሱ ለብቻው ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ፊቱ ጋለ፤ ቢሆንም አልወጣም። ሚስጥር «መንጋጋችሁ ይላላ» ስትል የራሱን ሞከረ። አመመው። ለስንት ዓመት ጥርሱን ነክሶ እንደኖረ አላወቀም ነበር።

እሌኒ በሰላም ስትገላገል ሕዝቅኤል የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ነበር። ሚስጥር ወጥታ እንኳን ደስ አለህ አለችው። ወደ ክፍሉ ሊሮጥ ቃጥቶት ቆመ።

«ልግባ? እስቲ ጠይቂልኝ።»

ገብታ ቆየች። መቆየቷ ረዘመበት፤ ያለፈ ያገደመው ሰው ሁሉ ለምን ውጭ እንደቆመ የሚያውቅበት መሰለው።

«ግባ ብላለች» አለች ሚስጥር ተመልሳ። «ትንሽ ብቻ። ደክሟታል።»

ገብቶ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠ። እሌኒ ሕፃኗን ደረቷ ላይ እንዳስተኛች ቀና ብላ አየችው።

«ሴት ናት» አለችው።

ሊመልስ ፈልጎ ድምፁ እንዳይጎላ ፈራና ራሱን ብቻ ነቀነቀ።