ክዳን ያልተለየው ውሃ

እማሆይ አመተ ሥላሴ ከብቸና ገጠር ወደ ሞጣ ከተማ፣ ልጃቸው ስርጉት ዘንድ የመጡት የኩላሊት ጠጠር አሟቸው ነው። ጠጠሩ ወጣላቸው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ «ውሃ በብዛት ይጠጡ፤ ካልጠጡ ይመለሳል» አላቸው። ሌላ ነገር አላዘዘም።

ያችው ውሃ ግን፣ ማጽጃ የተጨመረባት የቧንቧ ውሃ ናትና፣ አልዋጥ አለች።

«በረኪና በረኪና ትላለች» ይላሉ፤ ጣሳውን አሽትተው ይመልሱታል። ስርጉት አፈላችው። ሽታው ቀነሰ፤ ነገር ግን ውሃው ከሳሙና ጋር እንኳ የማይስማማ ከባድ ነውና፣ ሲቀዘቅዝ ከድስቱ ሥር ነጭ ቅርፊት ተኝቶ ተገኘ። እማሆይ በጣታቸው ፍቀው አዩት።

«ድንጋይ አስወጥተሽ ድንጋይ ቀቅለሽ ታጠጪኛለሽ?»

«ኖራ ነገር ነው እማ፤ ከጠጠሩ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሆዴ ገብተሽ አይተሻል?»

ጊዜው ደግሞ ጾም ነበር። እማሆይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም፤ ከዚያ በኋላም አንድ ሁለት ጉንጭ ብለው ይተውታል። እየዋለ ሲያድር ወገባቸውን መያዝ ጀመሩ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ አጥር ለአጥር ነንና፣ ከዳዊታቸው መሐል ሲያቃስቱ ይሰማኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ታላቁ ልጃቸው ወልደ ኪዳን ሊወስዳቸው መጣ።

«ያን የመሰለ ምንጭ እያለን እናቴን መድኃኒት ቤት የሚሸት ውሃ ታጠጫለሽ» አላት እህቱን።

«ምንጩ ያለው ገደሉ ሥር ነው። ማን ወርዶ ይቀዳላታል? አንተ እርሻ ላይ ትውላለህ። ቢያማትስ ሐኪም ቤቱ የት ነው?»

«እግዜር አለ።»

«እዚህ የለም?»

ወልደ ኪዳን የእናቱን ጓዝ አንሥቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠ። እኔም ልሸኛቸው ገብቼ ተቀመጥሁ። መኪናው የሚነሣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ እማሆይ ጸሎታቸውን አድርሰው መቁነናቸውን፣ ያችን የዕለት ድርሻቸውን፣ ሊቀምሱ ሲሉ ሀሲና መጣች። ሀሲና መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት ያላት የስርጉት ጎረቤት ናት። ለመንገድ ይሁንዎት ብላ በጆግ ውሃ ይዛ ነበር።

እማሆይ አማትበው ቀመሱ። ቆም አሉ፤ ደገሙ።

«ይች የየት ምንጭ ናት፣ ልጄ?»

«የምን ምንጭ፣ እማሆይ! ከእናንተው ቧንቧ ናት። ውሃው ጎሕ ሲቀድ አይደል የሚመጣው? ያኔ ቀድቼ ነው።»

«የእኛም ያኔ ነው የሚቀዳ» አለች ስርጉት።

«በምን ታኖሩታላችሁ?»

ስርጉት ጀሪካኑን አሳየቻት። ገና እንደተሞላ እማሆይ አማትበው ክዳኑን ጥርቅም ያደርጉታል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ማንም አይነካው።

ሀሲና ሳቀች። «ታዲያ ሽታው በየት ይውጣ? አፍኖ የያዘውን እኮ ነው የሚጠጡት።»

«ውሃ ተገልጦ አያድርም» አሉ እማሆይ። «ጠላት ይገባበታል።»

«እኛስ ቢስሚላህ ብለን አይደል ማታ የምንከድነው? ቀን ግን ማን ከለከለዎት? ደንበኞቼ ሻይሽ ይሸታል ብለው ሲያኮርፉኝ ነው የነቃሁት። ጧት ሰፊ ሳፋ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ትንኝ እንዳይገባ ስስ ሻሽ ጣል አደርግበታለሁ፤ እስከ ከሰዓት ሽታው በኖ ያልቃል። እርስዎ እስከ ዘጠኝ ከእህል ሲጾሙ፣ ውሃውም አብሮዎት ከክዳን ይጹም።»

እማሆይ ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት።

«ከድስቱ ሥር የሚቀረው ነጩስ?» አሉ።

«እሱ እንኳ በማዋል አይለቅም። ሲፈላ ነው የሚወርደው። አሳርፎ ከላይ ከላዩን መቅዳት፣ ዝቃጩን መድፋት ነው።»

«እንነሣ እንጂ» አለ ወልደ ኪዳን፤ «መኪናው ሞልቶ ይሄድብናል።»

እማሆይ ጣሳውን ለሀሲና ዘረጉላት። ሞላችላቸው። ቀስ ብለው፣ እያረፉ ጨረሱት።

«ክብደቷስ አልለቀቀም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ወልዴ፣ አንተ ሂድ፤ ከብቱ ይጠብቅሃል። እኔ ጾሙ እስኪፈታ እዚሁ ልየው። ካልሆነልኝ እልክብሃለሁ።»

ወልደ ኪዳን እህቱን አያት። ስርጉት ወደ ጓዳ ገብታ ሳፋ ማጠብ ጀመረች።