እስከ ሆስፒታሉ በር

የአምቡላንሱ ሾፌር የተዋሳቸውን ወንበሮች በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ ሳሎኑ ጸጥ አለ። በለቅሶ ቤት ጸጥታ ብርቅ አይደለም፤ ይኼኛው ግን የሚታማው ሰው ከተፍ ሲል የሚወርደው ዓይነት ነበር። አንዷ ጎረቤት ሲኒዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ሲኒው ባዶ ነበር። ሌላዋ ደረቅ አፍንጫዋን በመሐረብ መጥረግ ጀመረች።

«ወንበሩን የት ላድርገው፣ እታለም?»

«እዚያ ጥግ» አለች እህቱ፣ ወንበሮቹን እያየች። እሱን አላየችውም። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ከወንድሟ ጋር የምትነጋገረው ስለ ዕቃ ብቻ ነው፤ ስለ ወንበር፣ ስለ ስኳር፣ ስላለቀው ጋዝ። እሱም የታዘዘውን ሁሉ እየሮጠ ይፈጽማል። ሌላ ወሬ እንዳታነሳበት ይፈራል፤ ደግሞም እንድታነሳ ይመኛል።

ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሹክሹክታው ተከትሎት ወጣ።

«አምቡላንሱ ውስጥ እንኳ አልማረውም አሉ።»

«በምን ነገር?»

«በግብር ነዋ! እያጣጣረ ካለ ሰው ጋር ስለ ግብር ክርክር ይገጠማል?»

«ደሙን አፍልቶ ገደለው በይኛ!»

ሾፌሩ ሰማ። የጎረቤቶቹ ነገር ብዙም አልከበደውም፤ ሰው አፍ እስካለው ያወራል። የከበደው እህቱ መሀላቸው ተቀምጣ «ኧረ እንዲህ አይደለም» አለማለቷ ነው።

ሟቹ መስታወት ቆራጭ ነበር። ሰፈሩ «ጋሽ ግን» ይለዋል። እንደምን አደሩ ቢሉት «ደህና፤ ግን...» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ በኋላ የሚቸኩል ሰው ካለ ለራሱ ይወቅ። ታማሚ ያለ መያዣ እንዲታከም የሚል የጤና አዋጅ ወጥቶ ለዚሁ ከየሰው ገቢ መዋጮ ሊቆረጥ ነው የተባለ ጊዜ ደግሞ ያቺ «ግን» የረባ ሥራ አገኘች።

«እኔ ለክቼ ነው የምቆርጠው» ይላል እሁድ ምሳ ላይ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ አውራ ጣቱን እያወዛወዘ። «እነሱ ግን ቆርጠው ነው የሚለኩት!»

«ጋሼ፣ ጤነኛው ለታመመው ካልከፈለ ማን ይክፈል?» ይላል ሾፌሩ።

«ይክፈል! ግን ለማን? ሰብሳቢው ማነው?»

ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። የመስታወት ቆራጩ እናት ልብስ አጣቢ ነበሩ። ለአዲስ ሆስፒታል ማሠሪያ እየተባለ ከደሞዛቸው በየወሩ ሲቆረጥ ኖረ። እሱም ያኔ ተለማማጅ ሆኖ ለዚያው ሆስፒታል መስኮቶች መስታወት ሲቆርጥ ከረመ። አጥሩ ታጠረ፤ ሕንጻው ሳይቆም ገንዘቡ የገባበት ጠፋ። እናቱ ቤታቸው ተኝተው ሞቱ፤ መስታወቱ ለአንድ ሆቴል ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ «ለእናንተው ጤና ነው» የሚል ሰው ሲያይ ኪሱን ይይዛል።

ሾፌሩም የራሱ ቁስል ነበረው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጭኖ ሆስፒታል በር ሲደርስ «መያዣ ካልተከፈለ አይገቡም» ተባለ። የሽማግሌው ቤተሰቦች ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩ፤ አልሆነም። መልሶ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው። በመንገዱ ሁሉ ሽማግሌው «አስቸገርኩህ ልጄ» እያሉ ይቅርታ ይጠይቁት ነበር። እና የመዋጮውን ብዛት የሚያማርር ሰው ሲሰማ፣ ያ ሰው የገዛ አማቹም ቢሆን፣ ትዕግሥቱ ቶሎ ያልቃል።

አንዱ ተናግሮ ሌላው ዝም ብሎ የተለያዩበት እሁድ የለም። ሾፌሩ ተሰናብቶ መኪናውን ካስነሳ በኋላ እንኳ ጋሽ ግን በነጠላ ጫማው እየሮጠ ወጥቶ በመስኮቱ አንድ ነገር ይጨምርለታል። እህቱን ማን ትክክል እንደሆነ ሲጠይቋት «ምግቡ» ትላለች፤ «ምግቡ ነው ትክክል፤ ቀዘቀዘ።»

ከሰዓት በኋላ የነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር መጣ። አጽናንቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ደህና ተቀምጦ ሳለ ምን እንደነካው እንጃ፣ ብድግ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድማችን እስከ መጨረሻው ይህን አዋጅ የተቃወመ ጀግና ነበር! ሆስፒታሉ በር ላይ እንኳ ሆኖ...»

ሰው ሁሉ ዞሮ ሾፌሩን አየ። ለቅሶ ቤት ጠብ ሲነሳ ማየት የማይወድ የለም፤ የሚናገረው ግን የለም። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ለሊቀመንበሩ የሚሆን መልስ አፉን ሞልቶታል። ግን ለጋሽ ግን ያዘጋጀውን መልስ ለሌላ ሰው ማባከን አልፈለገም።

የመለሰችው እህቱ ናት። «ይቀመጡ» አለች። «ባሌ ጀግና አልነበረም። ነዝናዛ ነበር።» ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ሳትል «ና እስቲ» አለችው ወንድሟን።

ማድ ቤቱ በብርጭቆ ተጨናንቋል። በመስኮቱ በኩል ጓሮ ያለው፣ ባሏ ይሠራበት የነበረው የመስታወት ቤት ይታያል፤ ተዘግቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «በጎረቤት መኪና ተከትያችሁ መጣሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ከአምቡላንሱ ስታወርዱት ደረስኩ። ዓይኑን ገልጦ ነበር። አሁን ስሜን ይጠራል ብዬ ጎንበስ አልኩ። ‹ዘረፋ ነው› አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ ለእኔ የተረፈችኝ ያቺ ናት። ብትተወው ምን ነበረበት?»

ሾፌሩ አንድ ብርጭቆ አንሥቶ ማጠብ ጀመረ። የታጠበ ነበር።

«የአምቡላንሱ ነርስ ከኋላ፣ ከእሱ ጋር ሆና በመሀላችን ባለችው መስኮት ጮኸችብኝ» አለ። «‹ራሱን እየሳተብኝ ነው፤ እንዳይተኛ አናግረው› አለችኝ። ጋሼ ብዬ ተጣራሁ፤ ዝም። ስለ ሥራው ጠየቅኩት፤ ዝም። ‹እታለም እየመጣች ነው› አልኩት፤ ዝም። የማደርገው ሲጠፋኝ ‹መዋጮው አንሷል፣ እጥፍ መሆን አለበት!› ብዬ ጮኽኩ።»

«እሱስ?»

«‹ግን!› አለ።»

እህቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«እንደዚያው እየተከራከርን ሄድን። ነርሷ ‹ቀጥል፣ ቀጥል› ትለኛለች። አልዋሽሽም፣ እታለም፤ መሀል መንገድ ላይ ለምን እንደጀመርኩት ረሳሁት። ከልቤ ተናደድኩበት።»

«እሱስ ተናደደ?»

«እሱማ ከእኔ ባሰ! ኦክስጅኑን ከአፉ ላይ ገፍቶ ‹እህትህን ጠይቃት፣ እሷ ትመስክር!› ይለኛል።»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ወዲያው ልቅሶ ሆነ። ሰው ሲመጣ የምታለቅሰው ዓይነት አልነበረም፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋን ብቻ ይነቀንቀዋል። ሾፌሩ እጁን ሱሪው ላይ አደራርቆ ትከሻዋን ያዘ።

«ሁልጊዜ ምስክር እንደጠራኝ ነው» አለች፣ ሲበርድላት። «አንድ ቀን እንኳ መስክሬለት አላውቅም።»

ከሳሎን የሊቀመንበሩ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ተሻግሯል። እህትና ወንድም ጎን ለጎን ቆመው ትንሽ አዳመጡት።

«በሩ ላይ መያዣ አልጠየቁንም» አለች እህቱ።

«አልጠየቁንም።»

«ዝም ብለው አስገቡት። አስተውለህ ነበር?»

«እንዴት አላስተውልም!»

«በአዋጁ ነው?»

«በአዋጁ ነው።»

«ታዲያ ለምን እዚያው አልነገርከውም? ከዚህ የበለጠ ምን መልስ ልታገኝ ነው?»

«ራሱን ስቶ ነበራ» አለ ሾፌሩ። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መመለስ ለማይችል ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው?»

እህቱ አየችው። ከቀብሩ ወዲህ ፊቱን ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጺሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል። እሱም የሚያለቅስለት ሰው እንደሞተበት ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«በል አሁን ንገረው» አለች።

ትቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ተመለከተ። አትቀልድም። ወደ መስኮቱ፣ ወደ ተዘጋው የመስታወት ቤት ዞረ።

«ጋሼ» አለ፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ እንደገና ጀመረ። «ጋሼ፣ በሩ ላይ ማንም ምንም አልጠየቀንም። ዝም ብለው አስገቡህ።»

ሁለቱም ወደ ጓሮው እያዩ ጠበቁ። ጎረቤቷ ሲኒዎች በትሪ ይዛ ገባችና የሆነ ነገር ለማለት አፏን ስትከፍት፣ እህቱ ከመስኮቱ ሳትዞር እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመቻት። ባሏ ገና አልመለሰም።