የኦሪን የመጨረሻ ጥይቶች

ሎረታ ባሏን ኦሪንን ከቀበረች ወዲህ የወንድሙን የደልበርትን ያህል ያንገሸገሻት ሰው የለም። ነገ በአሜሪካዋ ሞንታና የአጋዘን አደን ወቅት ይከፈታል። ደልበርትም ወንድሙ ባሩድና አረር እየገጠመ በእጁ የሞላቸውን ጥይቶች ካልሰጠሽኝ ብሎ ጋራዡ በር ላይ ተተክሏል። በእነሱ ቤት የሟችን ጥይት በመክፈቻው ቀን መተኮስ እንደ ተዝካር ነው።

ይህን እሷም አልካደችም። ግን ኦሪን የሞላው ለራሱ ጠመንጃ ነው። ባሩዱን ከዝቅተኛው መጠን ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ፣ የአረሩን ፍጥነት በመሣሪያ እየለካ፣ በብርድም በሙቀትም ሲሞክረው ኖሯል። አረሩን ረዘም አድርጎ የተከለውም በራሱ በርሜል ልክ ነው። በሌላ ጠመንጃ ከገባ አረሩ በርሜሉን ይነክስና የባሩዱ ግፊት ከልክ በላይ ያሻቅባል፤ ጠመንጃውም ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ደጋግማ ነገረችው። እሱ ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት በጣቱ እየመታ፣ ቁጥሩ ከጥይት መሙያ መጽሐፉ አያልፍም፣ ጠመንጃዬም ያው ዓይነት ነው ይላል።

«ቁጥሩ የኦሪን ጠመንጃ የተናገረው ነው። ያንተ ምን እንደሚል በምን አወቅህ?»

«ተኩሼ ነዋ» አለና ከኪሱ አንድ ቀለህ አወጣ። በቀብሩ ማግስት ከካርቶኑ አንዷን ወስዶ ተኩሶ ኖሯል።

ሎረታ ቀለሁን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ቂጡ ላይ ያለችው መለኮሻ እንደ ምስማር ራስ ተደፍጥጣለች፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንዲህ ነው የምትሆነው።

«የጠመንጃው መዝጊያ ታዲያ እንዴት ተከፈተልህ?»

ደልበርት ጫማውን አየ። «ትንሽ በመዶሻ እጀታ ረዳሁት።»

ሎረታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ወንድማማቾችን በአንድ ዓመት ልታስቀብረኝ ነው? ኦሪን ዕድሜህን ሙሉ ስትለምነው የከለከለህ ለምን መሰለህ?»

«ስለሚንቀኝ ነበር የሚመስለኝ።»

«ዓይንህ እንዳይጠፋ ነው።»

ከመደርደሪያው፣ ጥይት ሰክተው መሬት ሲመቱበት አረሩን የሚያስለቅቀውን መዶሻ አውርዳ ጥይቶቹን እንዲያፈርስ ሰጠችው። የባሏን የመጨረሻ ሥራ ለማፍረስ የእሷ እጅ አልታዘዝ ብሏታል። እሱ ሲሚንቶው ላይ ይመታል፤ እሷ ባሩዱን፣ ኦሪን የተረፈውን ያደርግ እንደነበረው፣ ጓሮ ወጥታ ሣሩ ላይ ትበትናለች።

«ነገ በምን ልተኩስ?» አለ ደልበርት።

«ከሱቅ ግዛ።»

«በሱቅ ጥይት ኦሪን ሲስቅብኝ…»

«ኦሪን የለም» አለችው። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ቃል ከአፏ አውጥታው አታውቅም።

ደልበርት የቀረችውን የመጨረሻ ጥይት መዶሻው ውስጥ ሰካ።