እናቴ ያለቀሰችበት ፊልም

የቴሌቪዥን አዘጋጇ ደጃችን ላይ ቆማ ፈገግ ስትል ልቤ አልወደዳትም። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ ሳይከፍል ሊወርድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል። በአካባቢያችን ስለተሠሩ ፊልሞች ተከታታይ ዝግጅት እያሰናዳች ነው አሉ። የቱ ፊልም የትኛው ድልድይ ላይ እንደተቀረጸ፣ ከሰፈሩ ሰው ማን ማን እንደታየበት እያጠያየቀች እኛ ቤት ደረሰች። የፈለገችው እናቴን ነው። እማዬ ደህና አይደለችም ብዬ መለስኳት። ሌላ ቀን መጣች፤ ተኝታለች አልኳት።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልጅ ሳለሁ የፊልም ሠሪዎች ሰፈራችን መጥተው፣ ለአንድ ትዕይንት የምታለቅስ ሴት ፈልገው ከጎረቤት ሁሉ እናቴን መረጡ። የት የለመደችውን! ቢለምኗት፣ ቢቆጧት እንባ ጠብ አልላት አለ። ዳይሬክተሩ ታዲያ ካሜራው እየቀረጸ ሳለ አንድ ሰው አስሩጦ ላከባት፤ ሰውየውም ባልሽን ድንጋይ ተጭኖት ሞተ አላት። አባቴ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ሲበቃቸው ከመሬት አነሷትና ውሸት መሆኑን ነግረው አጨበጨቡላት። አባዬ ማታ በእግሩ ሲገባ፣ በር ላይ አቁማ ትከሻውንና ጭንቅላቱን ስትዳስስ አስታውሳለሁ።

ፊልሙ ሲወጣ ሰፈሩ ሊያየው ተግተልትሎ ሄደ። እናቴ ግን ስሙም እንዲነሳባት አልፈለገችም፤ እኔም ሳላየው ቀረሁ።

በዓመቱ አባቴ ድንጋይ የሚፈልጥበት ገደል እውነት ተናደ፤ የአባቴ አስከሬን ከሥሩ ሳይወጣ ቀረ። እናቴ ሊያረዷት የመጡትን ሽማግሌዎች ደጅ ላይ አቁማ፣ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ካሜራውን ትፈልግ ጀመር። ሰው ሁሉ ሲላቀስ እሷ የጎረቤቱን ጣሪያና የአጥሩን ጥግ ታማትራለች። አንዲት ጎረቤታችን "መቼስ ትወደው ነበርና" ብላ ስታሽሟጥጥ ሰማኋት። ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ እንደ እሾህ ቀረች። አባቴን ትወደው ነበር ወይ የሚለውን ማወቅ እፈልግ ነበር። መጠየቅ ግን አልደፈርኩም፤ መልሱን እፈራው ነበር።

አዘጋጇ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ እማዬ ከውስጥ ሰምታ ግቢ በያት አለችኝ። ሴትየዋ ገና ሳትቀመጥ፣ እማዬ ዛሬስ ማን ሞተ ልትዪኝ ነው ብላ አፋጠጠቻት። ቦርሳዋን አስከፈተቻት፤ ስልኳንም አጥፍታ እኔ እንድይዘው አደረገች። ሴትየዋ ደንግጣ፣ የመጣችው አንድም ነገር ለመቅረጽ ሳይሆን፣ ፊልሙን በቴሌቪዥን ከማሳየቷ በፊት ለማስፈቀድ መሆኑን ተናገረች። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። እማዬ ዞራ ከላፕቶፑ ጀርባ ምን እንዳለ አየች፤ ከዚያ ተቀመጠች።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት በዕድሜ ከዛሬዋ እኔ ታንሳለች። አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ የሆነ ነገር ነገራት። በጉልበቷ ወደቀች። መሬቱን በሁለት እጇ እየመታች፣ "ከእንግዲህ ማን ያስቀኛል? ማንን ብዬ ደጅ ደጁን አያለሁ? እኔን አስቀድመኝ አላልኩህም ወይ?" ትላለች። ይህን ጩኸት ማንም አላስጠናትም። እኔ ትልቋ ሴትዮ፣ በሰው ፊት እንባዬ ወረደ። ስንት ዘመን በከንቱ ጠርጥሬያት ኖርኩ።

እማዬ ግን አላለቀሰችም። ድገሚው አለቻት፤ ተደገመ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ ስክሪኑን በጣቷ ነካ አደረገችው።

"ምስኪን ናት" አለች። "መጥቶ የሚነግራት ሁሉ ይዋሻታል።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን ልክ ሽማግሌዎቹን እንዳየቻቸው አድርጋ አየችው።

"አንቺ አትዋሺኝም" አለች። "አባትሽ ሞቷል?"

ይህን ለእናቴ ነግሮ የሚታመን ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

"ሞቷል፣ እማዬ" አልኳት።

እጄን ያዘችና ማልቀስ ጀመረች።