«በቀስታ» የምትለው ፊደል

«ይቺን እንቁላል ብቻ፣ የኔ ልጅ። ግማሿን!» ጊትል በአጭሩ የሐዘንተኛ ዱካ ላይ እንደተቀመጠች ለመነች። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጇ አቪቫ አፏን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። አያቷ ዘሊግ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ልጅቷ እህል ቀመሰች አይባልም። ጊትል ባሏን ቀብራለች፤ ይቺም ብትከተለውስ?

ጎረቤታቸው ብሉማ በረዶውን ከጫማዋ እያራገፈች፣ ሳታንኳኳ ገባች። በአይሁድ ሥርዓት በሰባቱ የሐዘን ቀናት ሙዚቃ አይነካምና የተዘጋውን ፒያኖ ትክ ብላ አየችው።

«ዘሊግ ስንት ዓመት ‹ጣትሽን አጉብጪ› ሲለኝ ኖረ! ይኸው ጣቴ እንደ ዱላ ቀጥ እንዳለ ጀርባዬ ጎበጠ።»

ለቀስተኛው በለሆሳስ ሳቀ። አቪቫ ግን ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ሮጠች።

ዘሊግ የሚያስተምረው ጀማሪ ብቻ ነበር። አምስቱን የኖታ መስመሮች በቀይ እርሳስ ያሰምርና፣ «ይቺ መሃለኛዋ ዶ የቤትሽ በር ናት፤ ሲጠፋብሽ ወደሷ ተመለሽ» ይላል። ጊትል አርባ ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር አንዲት ኖታ ማንበብ አልተማረችም። የሷ ሥራ መጨነቅ ነበር።

ልጅቷን አልጋው ላይ ከተከመረው የእንግዶች ካፖርት ሥር አገኘቻት። የመለማመጃ ደብተሯን አቅፋለች።

«እማማ፣ ለፖሊስ ትነግሪብኛለሽ?»

«ምኑን?»

አቪቫ ደብተሩን ገለጠች። ከኖታዎቹ ሥር «ፒ» የምትል ቀይ ፊደል አለች። «ይቺ በቀስታ ማለት ናት። እኔ ግን ተናድጄ ፒያኖውን በኃይል ደበደብኩት። አባባ ‹ቀስ፣ ቀስ› አለኝ። ጨመርኩበት። ከዚያ ደረቱን ይዞ ወደቀ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ጊትል ካፖርቶቹን ገፋ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ እንዳትፈራ ብላ የደበቀችው ነገር ነው እንዲህ ያስፈራት።

«ስሚኝ። አባባ ልቡ ከታመመ ሰባት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ‹በማንኛውም ቀን ሊሆን ይችላል› ብሎናል። መድኃኒቱን የዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ስደብቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። እሱማ ‹ንገሪያት› ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

«የፒያኖው ድምፅስ?»

«ድምፅ የሚገድለው ቢሆንማ ብሉማ ገና ድሮ ጨርሳው ነበር!»

አቪቫ ሳቅ ያዛት፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጊትል አቀፈቻት።

ሲወጣላት ልጅቷ እርሳስ አንስታ፣ ደብተሩ ላይ ከአራተኛው የኖታ መስመር ሥር የተንጠለጠለች ትንሽ ጥቁር ጡብ ሣለች።

«ይቺስ ምንድን ናት?» አለች ጊትል።

«የዝምታ ምልክት። አራት እስኪቆጠር ምንም አይመታም። መቁጠሩ ግን አይቆምም።»

ጊትል ጣቷን ዘረጋች። አቪቫ ይዛ በካፖርቱ ላይ፣ ያለ ድምፅ፣ አንድ፣ ሁለት እያለች ታስነካት ጀመር። ሦስት ላይ አሮጊቷ ቀደመች።

«አትቸኩዪ፣ እማማ» አለቻት ልጅቷ፤ ጣቷን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እንደገና ከአንድ ጀመረች።