ያልተፈለገ ማስረጃ

ሎሬታ ፒንሰንት የግምገማውን ረቂቅ ከመጀመሪያው ጀምራ በጥሞና ስታነብ ቆይታ ስድስተኛው ገጽ ላይ ቀጥ አለች። «የአየር መሳቢያ የሸርጣን ፋብሪካ ሠራተኞችን ከአስም እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም» ይላል። መልሳ አነበበችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ሲግል ተሰማት። ወረቀቱን ጠቅልላ ደረጃውን ወጣችና የዶክተር አላስቴር ክሮውን በር ሳታንኳኳ ከፈተች።

«ዶክተር፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር ማን ጻፋት?»

ክሮው ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። የተቋሙ ኃላፊ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው። «እኔ ነኝ። ምነው?»

«የት ፈልጋችሁ ነው ያጣችሁት?»

«ትልልቆቹ ሁለት የመረጃ ቋቶች ውስጥ ነዋ። የመጡት ጽሑፎች ስለ በሽታው ያወራሉ፣ ስለ መሳቢያው የሚናገር የለም።»

«እኔ እዚህ ታች ተቀምጬ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«ጊዜ አልነበረም፣ ሎሬታ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በወሩ መጨረሻ ይፈልገዋል።»

የሎሬታ ሥራ መፈለግ ነው። በሴንት ጆንስ ከተማ በዚህ የጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠጉሯ እስኪሸብት ሠርታለች። ተመራማሪዎች ጥያቄ ይዘው ሲመጡ፣ ስለዚያ ጥያቄ ማን ምን እንደጻፈ አሳድዳ ታመጣለች። የአሁኑ ጥያቄ የመጣው ከመንግሥት ነበር፤ የሸርጣን ፋብሪካዎች ሁሉ አየር መሳቢያ እንዲያስገቡ በሕግ ይገደዱ ወይስ ይቅር? ክሮው የሚጽፈው ግምገማ መልሱን ይሰጣል። ስድስተኛው ገጽ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ደግሞ መልሱን «ይቅር» አድርጋዋለች።

«አልተገኘም ማለትና አልተፈለገም ማለት አንድ አይደለም» አለች ሎሬታ። «ስለ ሸርጣን ፋብሪካ ጆርናል ላይ የሚጽፍ ማነው? የፋብሪካው መሐንዲስ ይለካና ለአለቃው ይጽፋል። መንግሥት ባለሙያ ቀጥሮ ያስጠናና መደርደሪያ ላይ ይተወዋል። ተማሪ መመረቂያዋን ትጽፍና ተመርቃ ትሄዳለች። የሠራተኛ ማኅበሩም የራሱን አባላት ጠይቆ አጥንቷል። አንዱም አይሸጥም፣ አንዱም እናንተ ያያችሁት ቋት ውስጥ አይገባም። አለ ግን።»

«ግራጫ ጽሑፍ» አለ ክሮው ፈገግ ብሎ። በሙያው እንዲህ ነው የሚሉት፤ ታትሞ ገበያ ያልወጣውን፣ ግን ተሠርቶ የተቀመጠውን። «በባለሙያ ያልተገመገመ ወረቀት ነው እኮ። የማኅበር በራሪ ወረቀት ይዤ ሚኒስትር ፊት ልቁም?»

«ቢያንስ አይቶ መጣል አለ። ሳያዩ ‹የለም› ማለት ግን ውሸት ነው።»

«ውሸት» የምትለዋ ቃል ክሮውን ቆነጠጠችው። ፈገግታው ጠፋ። «አለ ካልሽ አምጪው። ወሩ ሳያልቅ ካልመጣ ግን ዓረፍተ ነገሯ እንዳለች ትሄዳለች።»

ሎሬታ በሩን ዘግታ ወጣች። የዘጋችበት ድምፅ ኮሪደሩ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ቀና አደረጋቸው።

እሑድ ዕለት በበረዶው መሃል ነድታ ጋነት አርም መንደር ወደምትኖረው ታላቅ እህቷ ወደ ቨርና ሄደች። ቨርና የጨው ሥጋ ከጎመንና ከድንች ጋር ቀቅላ ጠበቀቻት። ድስቱን ከምድጃው አንሥታ ጠረጴዛው ጋ ሳትደርስ ግን መሃል ላይ አስቀመጠችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል። የአስም ፓፏን ከኪሷ አውጥታ ሁለቴ ሳበች። ሎሬታ ድስቱን አንሥታ አደረሰችው።

ቨርና በጋነት አርም ፋብሪካ መጋዙ ላይ ነበር የምትሠራው። መጋዙ የሸርጣኑን ቅርፊት ሲሰነጥቅ ርጥብ ጉም ይነሣል፤ ዐይን የማያየው፣ አፍንጫ ግን የሚያውቀው። በመጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ያስላል፣ ኋላ ደረጃ መውጣት ያቅታል። ቨርና ደረጃ መውጣት ሲያቅታት አሰናበቷት።

ሎሬታ የረቂቁን ነገር ነገረቻት።

«ማስረጃ የለም አሉ?» አለች ቨርና። «እኔን ውሰጂና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪኝ። ሲጥ ሲጥ ስል እየሰሙ ይጻፉ።»

«አንቺን አይቀበሉሽም። አንድ ሰው ብቻ ነሽ።»

«አንድ? ነይ እስቲ በዚህ መንገድ ላይ ቤት ለቤት ላዙርሽ። ጀኒቫም አለች፣ የሮዝም ባል አለ።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ወረቀት ነው የሚፈልጉት።»

«ወረቀት አምጪላቸዋ፤ አንቺ ሌላ ምን ትችያለሽ?» አለች ቨርና። ስድብ ነበር፤ ሎሬታ ግን እንደ ትእዛዝ ይዛው ተመለሰች።

መጀመሪያ የደወለችው ጥናቱን ያዘዘው መሥሪያ ቤት ጋ ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት ስለ መሳቢያ አንድ ነገር እንዳስጠና ታስታውሳለች፤ ወሬው በዜና አልፎ ነበር። ስልኩን ያነሣው ሰው ድረ ገጻችን ታድሷል፣ አሮጌው ሁሉ ወርዷል አላት።

«ወርዶ የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ። ወርዷል።»

«ሰዎቹ የታመሙበትን ጉዳይ ያስጠናችሁበትን ወረቀት ድረ ገጹ አላማረም ብላችሁ ጣላችሁት ማለት ነው?»

«እሜቴ፣ እኔ ስልክ ነው የማነሣው።»

እውነቱን ነው። ሎሬታ ይቅርታ ጠየቀችና ዘጋች፤ ንዴቷ ግን ማረፊያ አጣ። የድሮ ድረ ገጾች ቅጂ የሚቀመጥበትን ማኅደር ከፍታ የመሥሪያ ቤቱን ገጾች ወደ ኋላ እየቆጠረች አየች። ሰነዱ የለም፤ ርእሱና የጻፈው ሰው ስም ግን ቀርቷል። ክላረንስ በግደን፣ መሐንዲስ።

የሠራተኛ ማኅበሩ ምድር ቤት ውስጥ ከአሮጌ የሰልፍ መፈክሮች ጀርባ የታሰረ መጠይቅ አገኘች፤ ማኅበሩ አባላቱን ስለ አተነፋፈሳቸው የጠየቀበት ነው። በጥድፊያ የተሠራ ነበር፤ ጥያቄዎቹም መልሱን እያቀበሉ የሚጠይቁ ነበሩ። ቢሆንም ያዘችው። ከኩቤክ ሰሜን ጠረፍ ደግሞ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የማስተርስ መመረቂያ አገኘች። ጸሐፊዋ ሶላንዥ ቴሪዮ አሁን የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ሎሬታ ስትደውልላት ሳቀች። «እሱን ያነበቡት መምህሬና እናቴ ብቻ መስለውኝ። እናቴም ጨረስኩት ያለችኝ ዋሽታ ነው።» ሥራው ግን ንጹሕ ነበር። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ መሳቢያ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ሠራተኞቹን መርምራለች፤ ሳላቸው በግማሽ ቀንሷል። ሎሬታ ይህን ስታነብ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

የቀረው በግደን ነው። ጡረታ ወጥቶ ጋንደር ከተማ እንደሚኖር አጣርታ ሄደችበት። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰውዬ በሩን ከፍቶ የጥናቱን ወረቀት የያዘ ካርቶን ሳትጠይቀው አሳያት፤ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ጠብቋታል።

«የሦስት ፋብሪካ አየር ለካሁ» አለ። «በገዛ እጄ። ካስረከብኩ በኋላ ‹ደርሶናል› እንኳ ያለኝ የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«ምን አገኙ?»

«ምንም። መሳቢያው በገባባቸውም ባልገባባቸውም አየሩ አንድ ነው።»

ሎሬታ ሻይዋን አስቀመጠች።

«ከፋሽ» አለ በግደን ፊቷን እያየ። «የሚስማማሽን ፍለጋ ነዋ የመጣሽው።»

ሎሬታ ዐይኗን ወደ ካርቶኑ መለሰች።

«እስከ መጨረሻው አንብቢው እንግዲህ፣ የኔ ልጅ። አጭሩን ማጠቃለያ ብቻ አታንብቢ፤ እሱን የጻፉት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። መሳቢያውን የሰቀሉት መቀቀያው ላይ ነው። ለምን? እንፋሎት ይታያላ። ሚኒስትሩ ሲመጣ ጉሙ ሽቅብ ሲሳብ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል። ሰዎቹን የሚገድላቸው ግን ከመጋዙ የሚወጣው ነው። መጋዙ ላይ አንድም አልሰቀሉም። ይህን ጻፍኩላቸው፤ ገንዘባችሁን የማይሆን ቦታ ሰቅላችሁታል አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይደውልልኛል?» በግደን ጡጫውን ጨብጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አልመታም፤ ተጭኖ ብቻ ያዘው።

ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱ ሁሉ በረዶ፣ ሐሳቧ ሁሉ ያ ካርቶን ነበር። ክሮው «ምንም ለውጥ የለም» የሚለውን አንድ መስመር ቀንጭቦ እንደሚይዝ ታውቃለች። ካልሰጠችው ደግሞ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ማታ ለቨርና ደወለችላት።

«ታዲያ ለምን ትሰጪዋለሽ?» አለች ቨርና። «ዝም ብለሽ ያቺን የፈረንሳይኛዋን ልጅ ጽሑፍ ስጪው።»

«አልችልም።»

«አንቺ ካልሰጠሽው አያገኘውም አላልሽኝም?»

«አያገኘውም።»

«እንግዲያ ለማን ነው የምትሠሪው፣ ሎሬታ? ለኔ ነው ለነሱ?»

«የሚመቸኝን ብቻ ካመጣሁማ እነሱን ሆንኩ ማለት ነው።»

ከወዲያ በኩል የቨርና ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። «ደስ የሚል ነገር ነው» አለች በመጨረሻ። «ሳንባ ላለው ሰው።» ስልኩ ተዘጋ። ሎሬታ መልሳ አልደወለችም።

በማግሥቱ ሦስቱንም ክሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና እንዲያነባቸው ተወችው። ከሰዓት በኋላ ሲያስጠራት ፊቱ በርቶ ነበር።

«ይሄ የበግደን ሥራ ግሩም ነው» አለ። «መሐንዲስ ነው፣ በመሣሪያ ለክቷል፣ ሦስት ፋብሪካ ነው። የማኅበሩን መጠይቅ ጥለነዋል። የተማሪዋም አንድ ፋብሪካ ብቻ ስለሆነ ይቅር። እንግዲህ ‹ማስረጃ የለም› ሳይሆን ‹እንደማይጠቅም የሚያሳይ ማስረጃ አለ› ብለን እናጠናክረዋለን። ሥራሽ በጣም ጠቅሞናል።»

ሎሬታ ከዚህ በፊት ተናዳ ታውቃለች፤ ይህኛው ግን ሌላ ነበር፤ ድምፅዋ ዝግ አለ።

«አላስቴር» አለችው። በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያልታተመ ወረቀት ማስረጃ አይደለም ያልከኝ አንተ ነህ። በራሪ ወረቀት ያልከው አንተ ነህ። ዛሬ አንዱ ያንተን ዓረፍተ ነገር ስለደገፈልህ ግሩም ሆነ?»

«ጥራቱን መዝነን ነው እንጂ...»

«የበግደንን አርባ አንደኛ ገጽ አንብበኸዋል?»

ክሮው ገጹን ፍለጋ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

«አጭሩን ማጠቃለያ ነው ያነበብከው። አጭሩን እሱ አልጻፈውም።» ወረቀቱን ከፊቱ ወስዳ ገለጠችና ስለ መጋዙ የተጻፈውን ከመነሻ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላ አነበበችለት። ቀጥላ የሶላንዥን አወጣች። «የሷ ፋብሪካ መሳቢያውን የሰቀለው የት መሰለህ? ሥዕሉን እየው። መጋዙ ላይ ነው። ሁለቱ አይጋጩም፤ አንድ ነገር ነው የሚሉት። የማኅበሩም መጠይቅ ደካማ ነው፣ ደካማ ብለህ ጻፈው። መዝነው፣ አትደብቀው። ካልሆነ የኔን ስም ከግምገማው ላይ አውጣ፤ ለምን እንደወጣ ለመሥሪያ ቤቱ እኔው እጽፍላቸዋለሁ።»

ክሮው መነጽሩን አወለቀ። ተቆጥቷል፤ አንገቱ ቀልቷል። «ማስፈራራትሽ ነው?»

«ነው» አለች ሎሬታ።

ወሩ ሲያልቅ ግምገማው ወጣ። ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ማስረጃው ጥቂት ቢሆንም ጥቅሙ መሳቢያው በሚሰቀልበት ቦታ እንደሚወሰን፣ መጋዝ ላይ የተሰቀለው ሳልን እንደቀነሰ ተጽፏል። የሦስቱ ጽሑፎች ዝርዝር ግን መጨረሻ አባሪው ውስጥ በትንንሽ ፊደል ገባ። ሎሬታ ሦስቱንም ከጸሐፊዎቻቸው ፈቃድ አግኝታ ማንም ሰው በነፃ በሚያነብበት የተቋሙ ማኅደር ውስጥ አስገባች፤ «ሸርጣን»፣ «መጋዝ»፣ «አስም» ብሎ የሚፈልግ ሁሉ እንዲያገኛቸው አድርጋ መዘገበቻቸው። ክሮው በኮሪደሩ ሲያገኛት ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ቃል አይወጣውም። እሷም አልናፈቃትም።

ሕጉ አልወጣም። መሥሪያ ቤቱ ለፋብሪካዎቹ ምክር ጻፈላቸውና ተወው። የሠራተኛ ማኅበሩ ግን አባሪውን ይዞ ድርድር ገባ፤ የሸርጣን ወቅት ሲጀመር ሁለት ፋብሪካዎች መጋዛቸው ላይ መሳቢያ ሰቀሉ። አንዱ የጋነት አርሙ ነበር።

ሎሬታ በግንቦት ወደዚያ ስትሄድ ቨርና ወደብ ውሰጂኝ አለቻት። መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ጥብስ ዓሣና ድንች ከወረቀት እየበሉ ጀልባዎቹ ሲራገፉ አዩ። ከስልኩ ወዲህ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

«የጀኒቫ ልጅ አሁን መጋዙ ላይ ናት» አለች ቨርና። «ማታ አላስልም ትላለች።»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው። ያ ሽማግሌ የጻፈው ያኔ ተሰምቶ ቢሆንስ?»

ሎሬታ የበግደን ወረቀት ላይ ያለውን ዓመት ታስታውሳለች። ያኔ ቨርና ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሠራችም ነበር፤ ደረጃውን እየሮጠች ትወጣ ነበር። ይህን ቨርናም ሳትቆጥረው አልቀረችም።

«ይሰቅሉት ነበር» አለች ሎሬታ።

ቨርና ወረቀቱን አጨማደደችና እግሯ ሥር ጣለችው። «አታጽናኚኝ» አለች። «ተናደጂ። እኔ ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ብዙ መናደድ አልችልም።»

ሎሬታ ሞተሩን አስነሣች። ፋብሪካው በር ላይ ሲያልፉ ነጭ ቦት ጫማ ያደረጉ ሴቶች ለእረፍት ወጥተው ቆመው ነበር። ቨርና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የምታውቃቸውን በየስማቸው ጠራች።